አፕዴት ላይ የቆመው የሸቤ ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩ ቀን ጋሽ ታደሰ ዲፕሎማዬን ገልጠው እንኳ አላዩትም። የቀለም ብሩሽ ሰጡኝና ጥግ ላይ የተደረደሩትን ኮምፒውተሮች አሳዩኝ። «አቧራቸውን አራግፍ። ሌላው ከዚያ በኋላ ይመጣል» አሉኝ።

ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ በነበረው ሱቃቸው ድሮ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግኑ ነበር። ኮምፒውተር ሲመጣ እሱንም ጨመሩት። መድኃኒታቸው ግን አንድ ነው፤ ፎርማት። ቆመ? ፎርማት። ተንቀራፈፈ? ፎርማት። እዚያው የመጀመሪያ ቀኔ ላይ አንድ መምህር አፕዴት ላይ የደረቀ ማሽን ይዞ መጣ። ጋሽ ታደሰ ሲዲውን ከተው፣ ዲስኩን ሙልጭ አድርገው አዲስ ሲስተም ጫኑለት። «የጻፍኳቸው ነገሮችስ?» አለ መምህሩ። «ዋናው ጤና!» አሉት። ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መምህሩ ግን አልሳቀም።

ሥራው እየገባኝ ሲሄድ፣ አፕዴት ላይ ቆመ የሚባል ማሽን ሁሉ እንዳልቆመ አወቅኩ። አንዳንዱ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የዲስኩን መብራት አያለሁ፤ ብልጭ ድርግም ካለ እየሠራ ነውና እተወዋለሁ። በርቶ ከቀረ ወይም ጭራሽ ካልበራ ፍላሹን፣ ፕሪንተሩን፣ የተሰካበትን ሁሉ እነቅላለሁ። ሙቀቱን በእጄ እዳስሳለሁ። በሴፍ ሞድ፣ ማለትም በጣም አስፈላጊ በሆኑት ፕሮግራሞች ብቻ፣ ይነሳ እንደሆነ እሞክራለሁ፤ ከተነሳ ዲስኩ ላይ ባዶ ቦታ መኖሩን አያለሁ። ጋሽ ታደሰ ትዕግሥቴን ሲያዩ «ሽማግሌ ልትልክበት ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር።

በአንድ የቡና ወቅት ከጅማ ወጣ ብላ ካለችው ሸቤ ተደወለልን። ጀማል የሚባል ፎቶ ቤት ያለው ልጅ ነው። ኮምፒውተሩ አፕዴት ይጀምርና ይደርቃል፤ ሲያጠፋው ሲያበራው መሰንበቱን ነገረኝ። «ዛሬውኑ ድረስልኝ፤ የሰው ጉዳይ አለበት» አለኝ። ዕቃዬንና ላፕቶፔን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

ፎቶ ቤቱ ስገባ አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠዋል። አባ ፊጣ ይባላሉ፣ ቡና ገበሬ ናቸው። ልጃቸው ሉባባ በደላላ ጅዳ ሄዳ የሰው ቤት ትሠራ ነበር። ከአሠሪዎቿ ቤት ወጣች ከተባለ ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቷል። ጎረቤታቸው በማግስቱ ጠዋት ለዑምራ ወደ ሳውዲ ሊነሳ ነው። እዚያ ያሉትን የአገር ልጆች «ይህችን ልጅ አይታችኋል?» ብሎ እንዲጠይቅ ፎቶዋን ሊያስይዙት ፈለጉ። ቤታቸው ፎቶ የለም፤ ለፓስፖርት የተነሳችውን ደላላው ወስዶታል። የቀረው ጀማል ማሽን ውስጥ ያለው ነው።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ» አሉኝ እጄን ይዘው። «እዚያ ውስጥ አለች ይለኛል። ማሎ፣ እባክህ አውጣልኝ።»

«ኢንሻ አላህ፣ አባ ፊጣ። ልየው» አልኳቸው።

ጀማል ማሽኑን አበራው። አፕዴቱ ጥቂት ሄዶ ቆመ። የዲስኩ መብራት በርቶ ቀረ። ጆሮዬን የማሽኑ ሳጥን ላይ ብለጥፍ ውስጡ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። አፕዴቱ ላይ ምንም ጥፋት አልነበረም። እየሞተ ያለው ዲስኩ ነው፤ አፕዴቱ የተጎዳው ቦታ ላይ ሊጽፍ ሲል ነው የሚደርቀው።

ይህንን ልነግረው አፌን ስከፍት ከመንገዱ ማዶ ያለው የቡና መፈልፈያ ተነሳ። አምፖሉ ደበዘዘ። ጀማል ዘሎ ሶኬቱን ነቀለው። በመስኮት ሳይ ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይም እየነቀለ ነው።

«ምን ሆነሃል አንተ!» ብዬ ጮህኩበት።

«ወላሂ፣ ኃይሉ ሲመለስ ያቃጥላል! ቴሌቪዥኔ እንዲህ ነው የሄደው» አለኝ።

ውሸት አይደለም። መፈልፈያው በተነሳ ቁጥር ሸቤ ሶኬት ትነቅላለች። ለቴሌቪዥን ደህና ዘዴ ነው። እየጻፈ ላለ ዲስክ ግን በላዩ ላይ ቤት እንደማፍረስ ነው። ጀማል ወቅቱን ሙሉ፣ አፕዴት መሃል ሳይቀር፣ ሲነቅል ከርሟል። ተናደድኩ፤ ግን ማንም ያልነገረውን ልጅ ምን ልበለው?

ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። ገና ሳልጨርስ «ፎርማት አድርገህ ና!» አሉኝ። የሉባባን ነገር ነገርኳቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዲስኩን አውጣው። በሱ ማሽኑን ዳግመኛ እንዳታስነሳ» አሉኝ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

ዲስኩን ፈትቼ በገመድ ከላፕቶፔ ጋር አገናኘሁት። የሠርግ፣ የዒድ፣ የመታወቂያ ፎቶዎች አንድ በአንድ መምጣት ጀመሩ። የሉባባ ጋ ሲደርስ ቆመ። አባ ፊጣ ከኋላዬ ቆመው ሲተነፍሱ ይሰማኛል። ብዙ ጠብቀን መጣ። ከፈትኩት።

ሻሿ አለ፣ ግንባሯ አለ፣ ዓይኖቿ አሉ። ከአፍንጫዋ በታች ግራጫ ነው።

«አፏን ማነው የሸፈናት?» አሉ አባ ፊጣ።

«ማንም አልሸፈናትም። ማሽኑ ነው፤ የቀረውን ማንበብ አቃተው» አልኳቸው።

እንደገና ሞከርኩ። ዲስኩ ሁለቴ ቀጭ ብሎ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ ላፕቶፑም አላወቀው። ጀማል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አባ ፊጣ ግን ስክሪኑን በጣታቸው ነካ አድርገው «ዓይኗ ነው። አትምልኝ» አሉ። የጀማልን ፕሪንተር ከላፕቶፔ ጋር አያይዤ አተምኩላቸው። አጥፈው አልያዙትም፤ በሁለት እጃቸው ዘርግተው ይዘውት ወጡ።

ለጀማል አዲስ ዲስክ ገጥሜ ሲስተም ጫንኩለት። አፕዴቱ እስከ መጨረሻው ያለ ምንም ችግር ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የተስተካከለ ማሽን አስጠልቶኝ አያውቅም።

ለዑምራ የሄደው ጎረቤት ሲመለስ የሆነውን የነገረኝ ጀማል ነው። ፎቶዋን ላገኘው የአገር ልጅ ሁሉ አሳይቷል። እዚያ ብዙ ሴት ከዓይኗ በታች ሸፍና ነው የምትሄደው። «ይህች ማንም ልትሆን ትችላለች» ብለው መለሱለት።

አባ ፊጣን ከዚያ በኋላ ሸቤ ገበያ ላይ አገኘኋቸው። ሰላምታ ሰጡኝ፣ ስለ ሥራዬም ጠየቁኝ። ከዚያ «የቀረው ፊቷስ፣ ልጄ፣ አሁን የሚያወጣው ሌላ ማሽን መጥቶ ይሆን?» አሉኝ። የለም አልኳቸው። «ቶሌ፣ እሺ» ብለው ሄዱ። እስካሁን ድረስ ስለ ሉባባ የተሰማ ነገር የለም።

አፕዴት ላይ የሚደርቅ ኮምፒውተር ሲመጣላችሁ፣ ሌላ ቦታ የሌለ ምን ነገር እንዳለበት ባለቤቱን ጠይቁ። እሱን መጀመሪያ ገልብጡ። ጥገናው ከዚያ በኋላ ነው።