የተተከለውና የጸደቀው

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ዓመታት ደባርቅ ውስጥ በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነበርኩ። ባለሙያ ልባል እንጂ ሥራዬ በአብዛኛው መጻፍ ነበር። ክረምት ሲገባ ከየቀበሌው ቁጥር በስልክ ይነገረኛል። ይህን ያህል ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል እርከን ተሠራ፣ ይህን ያህል ተራራ ከከብት ንክኪ ተከለለ። እኔ ፎርማቱን እሞላለሁ፣ እደምራለሁ፣ ለኃላፊዬ እሰጣለሁ። እሱ ፈርሞ ለዞን ይልካል። በመስኮቴ በኩል ጉሙ ከሊማሊሞ ገደል እየወጣ ከተማውን ሲውጥ አያለሁ እንጂ ከጉሙ ወዲያ ያለውን ተራራ በእግሬ የረገጥኩት ጥቂት ጊዜ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የነበረው አንድ ሞተር ሳይክል ነበር፤ እሱም በአብዛኛው ጎማው ተንፍሶ ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል።

ሪፖርቴ ይወደድ ነበር። ጽሑፌ ንጹሕ ነው፣ ድምሬ አይሳሳትም፣ ቀኑ ሳያልፍ ይደርሳል። ውሸት ጽፌ አላውቅም፤ እንዲህ እል ነበር ለራሴ። ያልተነገረኝን አልጻፍኩም።

አንድ ዓመት ጥቅምት ላይ የወረዳው ምክር ቤት ጉባኤ ተቀመጠ። አባላቱ አብዛኞቹ ገበሬዎች ናቸው፤ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተደርድረዋል። እኔ ምናልባት የምጠየቀው ነገር ካለ ተብዬ ኋላ ተቀምጫለሁ። ኃላፊዬ የጻፍኩትን አነበበ። አንዳንዶቹ ተነሥተው አመሰገኑ። ከዚያ አንዲት ሴት እጃቸውን አወጡ።

ከከተማው በታች፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ቀበሌ የተመረጡ ገበሬ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል፤ ማሳቸውን አማቻቸው ያርስላቸዋል፣ አረሙንና አጨዳውን ራሳቸው ይሠሩታል። ፊደል የቆጠሩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። በዚያ ዓመት የምክር ቤቱ የግብርና ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነው ነበር። የሚያውቃቸው ሁሉ እትየ ይላቸዋል።

“የተተከለውን ሰማን፣ እግዜር ይስጣችሁ” አሉ። “የጸደቀውስ ስንት ነው?”

ኃላፊዬ ወረቀቱን ገለባበጠው፤ የጸደቀ የሚል ዓምድ በፎርማቱ ላይ እንደሌለ ግን ያውቃል።

“ክትትል እየተደረገ ነው” አለ።

“ማን ነው የሚከታተለው?”

“ባለሙያዎቻችን” ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ጫማዬን አየሁ።

“እንግዲያው እኛም እንከታተላ” ብለው ተቀመጡ። ሰው ሳቀ። አፈ ጉባኤው ግን አልሳቁም፤ ኮሚቴው መሬት ወርዶ አይቶ ለሚቀጥለው ጉባኤ ያቅርብ ብለው አስወሰኑ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ኃላፊዬ ጠራኝና “በዳባት መንገድ ዳር ያለውን አሳዪያቸው” አለኝ። ያ ቦታ የታወቀ ነው። ታጥሯል፣ ጠባቂ አለው፣ ሰሌዳ ቆሞለታል፤ ከክልል እንግዳ በመጣ ቁጥር ፎቶ የሚነሣበት እሱ ነው። እውነትም ያማረ ነበር። እሺ ብዬ ወጣሁ።

እትየ በማግስቱ ጠዋት ቢሮ መጡ። አብረዋቸው ሌላው የኮሚቴ አባል አሉ፤ በደብራቸው ቅኔ የሚያስተምሩ መሪጌታ ናቸው። ስለ መንገድ ዳሩ ቦታ ነገርኳቸው።

“እሱን በአውቶቡስ ስናልፍ እናየዋለን” አሉ እትየ። “በሪፖርትሽ ላይ ያሉትን ቦታዎች ሁሉ በቁራጭ ወረቀት ጻፊልኝ። አንድም እንዳይቀር። ቁጥር ያልሰጡትንም ጨምሪ።”

ጻፍኩ። ወረቀቶቹን ጠቅልለው በነጠላቸው ጫፍ ላይ አፈሰሷቸውና መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፍነው ሁለት ዕጣ አነሡ። ትምህርት ቤት ሳለሁ ናሙና ስለ መውሰድ አንድ ሙሉ መንፈቅ ተምሬያለሁ። ሲሠራበት ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

የመጀመሪያው ዕጣ የወጣው ከገደሉ ግርጌ ላለ ቀበሌ ነበር። ጎህ ሲቀድ ተነሥተን ቁልቁለቱን ወረድን። እትየ ከፊት፣ መሪጌታ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ ከኋላ፣ እኔ በቀጭን የከተማ ጫማ መሐል። ስንደርስ የቀበሌው ሊቀመንበር ጠቦት አርዶ ጠበቀን። ማን እንደነገረው አልጠየቅኩም።

“ግቡ እንጂ፣ ደክሟችኋል፣ መጀመሪያ ቅመሱ” አለ።

“ወንድሜ፣ ቆጥረን እንመለስ” አሉ እትየ። “ከበላን በኋላ የምናየው ሁሉ ደህና ይመስለናል።”

ተራራው ላይ ወጣን። እትየ ከጉያቸው ሁለት ከረጢት አወጡ፤ በአንዱ ባቄላ አለ፣ በሌላው ጠጠር። “እኔ በሕይወት ያለውን እይዛለሁ፣ እርስዎ የሞተውን” አሏቸው መሪጌታን። ለለመለመ ችግኝ አንድ ባቄላ፣ ለደረቀ ወይም ለባዶ ጉድጓድ አንድ ጠጠር ወደ ነጠላቸው ጣል እያደረጉ በረድፉ ሄዱ። የእትየ ባቄላ ብዙም አልጎደለም። የመሪጌታ ከረጢት ቶሎ ቶሎ ባዶ ይሆናል፤ እሳቸውም ጎንበስ ብለው ሌላ ጠጠር ይለቅማሉ። ከረድፉ መጨረሻ አንድ ትልቅ ወይራ አለ። ሥሩ ላይ ችግኞቹ ከነፕላስቲካቸው ተከምረው፣ ግንዳቸው እንደ ክብሪት እንጨት ደርቆ አገኘናቸው።

ሊቀመንበሩ አላመነታም። “መኪናው ያራገፈልን ዝናቡ ከወጣ በኋላ ነው። ጉድጓዱን በሐምሌ ቆፍረን ጠበቅን፣ ጠበቅን። ጥቂቱን ሞከርነው፤ የቀረውን በደረቅ መሬት ምኑን እንትከለው?”

“ታዲያ ተተከለ ያልከው?” አሉት መሪጌታ።

“እኔ ተተከለ አላልኩም። ስንት ደረሳችሁ ብላ በስልክ ጠየቀችኝ፤ የቆፈርነውን ነገርኳት።”

የጠየቀችው እኔ ነበርኩ። የደወልኩበትን ቀን ሳይቀር አስታወስኩ፤ መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ቀኑ እየመሸ፣ ኃላፊዬ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ። ስንት? ብዬ ጮህኩ፤ ቁጥሩን ሰማሁ፤ ጻፍኩ።

እትየ ወደ እኔ ዞሩ። “ወረቀቱን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ።”

“አይተሽ ነው?”

“አላየሁም እትየ።”

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ከክምሩ አንዷን ችግኝ አንሥተው ፕላስቲኩን ቀደዱ፤ ሥሩ መውጫ አጥቶ ተጠምዝዞ ቀርቷል። “እንግዲህ ዛሬ አየሽ” አሉኝ። ከዚያ ለሊቀመንበሩም ለእኔም በሚሰማ ድምፅ፣ “አንተም አልዋሸህም፣ እሷም አልዋሸችም። ዛፍ ግን የለም” አሉ።

ያን ያህል ያፈርኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሆኖም ማፈሬ እንደ ውርደት አልተሰማኝም፤ እሳቸው እንደዚያ እንዲሰማኝ አላደረጉም። ስንመለስ የሊቀመንበሩ ቤት ገብተን ጠቦቱን በላን፤ እትየም ስለ ዘንድሮው ገብስ እያወሩ አጫወቱት። እሱም ለከርሞ ችግኙ በወቅቱ እንዲመጣለት፣ ዓይነቱንም ገበሬዎቹ ራሳቸው እንዲመርጡ ለመነ። እትየ ይህንንም እንድጽፍ ነገሩኝ፤ ጻፍኩ።

ሁለተኛው ዕጣ የወጣው ብሔራዊ ፓርኩን ለሚያዋስን የደጋ ቀበሌ ነበር። በሪፖርቴ ላይ በቀበሌው ትይዩ ሰረዝ ብቻ ነው ያለው፤ ከእነርሱ የተላከ ምንም ቁጥር አልነበረም። እኔ በልቤ ሰነፎች ብዬ ፈርጄባቸው ነበር። አንድ ቀን ሙሉ በእግርና በበቅሎ ተጉዘን፣ በማግስቱ ጠዋት ነፋሱ ነጠላችንን እየገለበ የቀበሌው ሰዎች አንድ ተዳፋት ላይ አወጡን።

ከቀበሌው ደብር ጀርባ ያለው ተራራ ሙሉ በሙሉ ለብሷል። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ወገብ ደርሷል፤ በመካከሉ ኮሶና ጽድ ብቅ ብቅ ብሏል፤ ከሥራቸው ሣሩ ተኝቷል። አጥር የለውም፣ ሰሌዳ የለውም። የሰበካው ሽማግሌዎች ከጥቂት ዓመታት በፊት በጎርፍ የተበሉ ማሳዎችን አይተው፣ ተመካክረው፣ ፍየልም በግም እንዳይገባ በግዝት ተስማምተው የከለሉት ነው። ሣሩን በተራ እያጨዱ ይወስዳሉ። ችግኙን ያፈሉት ከደብሩ ቅጥር ከለቀሙት ዘር ነው።

“ለምን አላስመዘገባችሁም?” አልኳቸው የቀበሌውን ጸሐፊ።

“ፎርማቱ ከመንግሥት የተረከባችሁት ችግኝ ስንት ነው ይላል” አሉኝ። “እኛ የተረከብነው የለም።”

እትየ ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ውስጥ ገቡና መቁጠር ጀመሩ። ግማሹ ሳይደርስ ባቄላው አለቀ። ከአንድ ቤት ባቄላ ተበድረው መጡ፤ እሱም አለቀ። መሪጌታ ጠጠራቸውን ይዘው ዳር ቆመው “እኔስ ሥራ ፈታሁ” እያሉ ይስቃሉ። እትየ መጨረሻ ላይ መቁጠሩን ተዉት፤ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ተራራውን አዩት። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ደስታ አሁንም አስታውሳለሁ።

“ጥፋቱን እንደጻፍሽ ይኸንንም ጻፊው” አሉኝ ቆይተው። “አለበለዚያ ሰው ልንከስ የሄድን ይመስላል።”

ደባርቅ ስንመለስ ያየነውን ሁሉ ጻፍኩ። ኃላፊዬ አነበበውና ግንባሩን አሸ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከላይ ዕቅድ ይወርድበታል፣ ዕቅዱን ካልሞላ በግምገማ ይቆማል። እትየ እፊቱ ተቀምጠዋል።

“እትየ፣ ትንሽ ብናለዝበው ምን ይመስልዎታል? ዞኑ ምን ይለናል?”

“ዞኑን አላውቀውም” አሉት በለሰለሰ ድምፅ። “እኔን የመረጠኝ ዞኑ አይደለም። ወርጄ አይ ዘንድ የላከኝ ሰው ምን አየሽ ሲለኝ ያየሁትን ነው የምነግረው። አንተ መኪናው ለምን እንደዘገየ ተናገር። እሱን ማንም አይከለክልህም።”

በጉባኤው ቀን አፈ ጉባኤው ጽሑፉን ሌላ ሰው ያንብብልዎት ወይ ብለው ጠየቋቸው። “የኮሚቴው ነው፣ እኔው አነበዋለሁ” አሉ። ቆመው፣ ወረቀቱን ከዓይናቸው አርቀው ይዘው፣ ቃል በቃል እየለቀሙ አነበቡት። ረጅም ጊዜ ወሰደ። ፊደል ሲያስቸግራቸው ቆም ይላሉ፣ ተመልሰው ያነሡታል። የደጋው ሽማግሌዎች ሥራ ጋ ሲደርሱ ከኋላ አንድ አዛውንት አለቀሱ፤ የዚያ ቀበሌ ተወካይ ነበሩ።

ከዚያ ኃላፊዬ ተነሣ። ይከራከራል ብዬ ነበር። “የተባለው ልክ ነው” አለ። “መኪና ያገኘነው መስከረም ላይ ነው። መዘግየቱን እያወቅን ላክነው፤ ቁጥሩንም ሳናይ አስተላለፍነው።” እትየ ቀና ብለው አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁለት።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ በወረዳችን ፎርማት ላይ የጸደቀ የሚል ዓምድ ገባ፤ እንድንሞላው የተወሰነው ዝናብ ከወጣ ከብዙ ወራት በኋላ፣ በጥር፣ በእግር ሄደን አይተን ነው። ችግኝ እስከ ሐምሌ መጀመሪያ ካልደረሰ አይላክም ተባለ። በዞኑ ግምገማ በዚያ ዓመት ከመጨረሻዎቹ ሆንን፤ ኃላፊዬ ብዙ ተወቀሰ። በሚቀጥለው ክረምት የተከልነው ካለፈው ያነሰ ነበር። በጥር ስንወጣ ግን አብዛኛው ቆሞ አገኘነው። እትየም ከእኛ ጋር ነበሩ፣ ሁልጊዜም በዕጣ።

የምርጫ ዘመናቸው ሲያልቅ ድጋሚ አልተጠቆሙም። ለምን እንደሆነ የነገረን የለም፤ እሳቸውም አልጠየቁም። እኔ ወደ ዳባት ተዛወርኩ፤ ኃላፊዬ ጎንደር ሄደ። ደባርቅ ለገበያ ስወጣ አንዳንድ ቅዳሜ ነጭ ሽንኩርታቸውን ዘርግተው አገኛቸዋለሁ። ስለ ልጆቼ ይጠይቁኛል፤ ስለ ኮሚቴው አንሥተው አያውቁም።

ማረፋቸውን በስልክ ነገሩኝ። በማግስቱ ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ኃላፊዬን ተቀምጦ አገኘሁት፤ ከጎንደር በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥቷል። ጎኑ ተቀመጥኩ። ሴት ልጃቸው መጥታ ስንጨብጣት ከእናቷ ጋር እንሠራ እንደነበር ነገርናት።

“ተራራውን የምታስቆጥሯት እናንተ ናችሁ?” አለች።

ሁለታችንም ተያየን። ምክር ቤቱን ከለቀቁ በኋላም በየዓመቱ ጥር ሲገባ ቆሎ ቋጥረው አንድ ወይም ሁለት ቀበሌ ይሄዱ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሰማነው። ልጅቱ የላካቸው ጽሕፈት ቤቱ መስሏት ኖሯል።

“አይደለንም” አላት ኃላፊዬ። “ማንም አልላካቸውም።”

“ታዲያ ለማን ነበር የምትናገረው?”

አላወቅንም። ለየቀበሌው ሰው ይሆናል፤ እዚያው፣ ማሳው ዳር ቆመው። ኃላፊዬ ፊቱን በጋቢው ጫፍ ጠረገና ለልጅቱ ስለ እናቷ ይነግራት ጀመር፤ ከጉባኤው ቀን ተነሣ።