ኸይረዲን ማሽኑን ሲያዝዝ

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ኸይረዲን በጋቢ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ተቀምጧል። መኪናው ጉድጓድ በዘለለ ቁጥር በሁለት እጁ እቅፍ ያደርገዋል። ከኋላው የነበሩ አሮጊት ዝም ማለት አልሆነላቸውም።

«ልጄ፣ ፊቱን ግለጥለት እንጂ፤ ትንፋሽ ያጥረዋል።»

«ትንፋሹስ ትናንት ነው የቆመው፣ እማማ» አለ ኸይረዲን ፊቱን ሳያዞር።

አንዱ ተሳፋሪ ባርኔጣውን አወለቀ፤ አሮጊቷ አማተቡ። የኸይረዲን ዓይን ያረፈው ግን ፊት ለፊቱ በተቀመጠች እናት ላይ ነበር። መስኮቱ አልዘጋ ብሏት ያቀፈችው ሕፃን በብርድ ይንቀጠቀጣል። ጋቢውን ፈታና ለሁለቱ ደረበላቸው። ከውስጡ አንድ ያረጀ ኮምፒዩተር ብቅ አለ።

«ኧረ ጉድ! ለብረት ነው ያማተብኩት?» አሉ አሮጊቷ፤ ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ።

አጠገቡ የነበረው፣ ኋላ ይህን የሚጽፈው መንገደኛ፣ ጋቢውን በማልበሱ ልቡ ተነካ። ቢቸና ሲወርዱ ማሽኑን ሊያግዘው ተነሣ፤ ታሪኩንም በዚያው ሰማ።

ኸይረዲን ሞጣ ላይ የጽሕፈትና የኅትመት ሱቅ አለው። የመስጊዱንም የቤተ ክርስቲያኑንም ማስታወቂያ የሚያትመው እሱ ነው። ማሽኑን ቫይረስ ያሰቃየው በነበረ ጊዜ፣ ስጦታው የሚባል የቢቸና ወዳጁ ሊኑክስ የተባለውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ጫነለት፤ ከዚያ ወዲህ ማሽኑ አስቸግሮት አያውቅም። አሁን ደግሞ የጎረቤቱ የመሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ልጅ አስናቀች ልታገባ ነው። የጥሪ ካርዱን በነጻ አትምልሻለሁ ብሎ ቃል ገባላት። ሙሽራዋ የወደደችው ግን እንደ ብራና ሐረግ የተጠላለፈ ፊደል ሆነና የኸይረዲን አሮጌ ፕሮግራም አልችለው አለ።

አዲሱን ፕሮግራም ፈልጎ አገኘው፤ ያገኘው ግን የሌላ ዓይነት ሊኑክስ ፕሮግራሞች በሚወርዱበት የኢንተርኔት ማከማቻ ውስጥ ነው። «ሊኑክስ ሊኑክስ ነው» አለና የዚያን ማከማቻ አድራሻ ከራሱ ጋር ቀላቅሎ «ጫን» አለ። ማሽኑ ማስጠንቀቂያ ደረደረ፦ አዲሱ እንዲገባ እነዚህ ነባር ፕሮግራሞች ሁሉ ይወጣሉ፣ ጉዳቱ ከባድ ነው። ኸይረዲን ዘለለው። ዓይኑ የቆመው መጨረሻው ላይ ነው። መቀጠል ከፈለገ «አዎ፣ ያልኩህን አድርግ!» የሚለውን በእንግሊዝኛ ቃል በቃል እንዲጽፍ ማሽኑ ይጠይቀዋል።

ኸይረዲን ደስ አለው። ቤቱ ውስጥ ሚስቱ ሀኒያ ታዝዛለች፣ ልጆቹ ያዝዛሉ፣ ድመቷ እንኳ እሱ ሲጠራት ወደ ሀኒያ ነው የምትሄደው። በዕድሜው ሙሉ «እዘዘኝ» ብሎ የለመነው ይህ ማሽን ብቻ ነው። ጉሮሮውን ጠረገና ጻፈ፤ ቃለ አጋኖዋንም አልረሳት።

ማሽኑ ታዘዘ። ሥዕሉም፣ መስኮቱም፣ የማውሷ ቀስትም አንድ በአንድ ተሰናበቱ። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። የካርዱ ሥራ ያለው እዚያ ውስጥ ነው፤ ሰርጉም ደርሷል። ሀኒያ «ምን ሆነ?» ብትለው፣ «እያሰበ ነው» አላት።

ቢቸና ላይ ማሽኑን ይዘው የገቡት ስጦታው ዘንድ ነው፤ ልጅ ሳለ ቅኔ ቤት የቆየ፣ አሁን ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። ማሽኑን ከፍቶ ሲያነብ አፉን በእጁ ያዘ።

«ያልኩህን አድርግ አልኸው?»

«ጠየቀኛ!»

«አንተም ጌታ ሆነህ አዘዝህ።»

«ሁለቱም ሊኑክስ አይደሉ እንዴ?»

«ዋሸራም ጎንጅም ቅኔ ቤት ናቸው፤ ሁለቱም ሙሉ ናቸው። አንዱን ቅኔ በዋሸራ መንገድ ጀምረህ በጎንጅ ብትጨርሰው ግን መሪጌታው ዱላ ያነሣልሃል። ሊኑክስም እንደዚያው ነው፤ እያንዳንዱ ቤት የፕሮግራም ጥቅሎቹን የሚያዘጋጀው እርስ በርስ እንዲስማሙ አድርጎ ነው። አንተ የጠራኸው እንግዳ ዘመዶቼ ካልገቡ አለ፤ እነሱ ሲገቡ ነባሮቹ ወጡ። ቅኔ ዘረፍሁ ስትል ቤትህን አዘረፍህ!»

ስጦታው የባዕዱን አድራሻ ፋቀው። ከዚያ የገቡትን አስወጣ፤ የተባረሩትን ከራሳቸው ማከማቻ መለሰ። ኸይረዲን በአንድ ወገን «ያ አላህ» ይላል፤ መንገደኛው በሌላ ወገን እመቤታችንን ይማጸናል።

«እናንተ ቀላቅሉ» አለ ስጦታው ሳይዞር። «የእናንተው አይጋጭም።»

ስክሪኑ በራ። ተመስገን፣ የካርዱ ሥራ እንዳለ ነው። ለአዲሱ ፕሮግራም ደግሞ ስጦታው ሌላ መላ ነበረው፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ በራሱ ውስጥ ይዞ የሚመጣ ዓይነት አወረደለት። ስንቁን የያዘ እንግዳ የቤቱን ሞሰብ አይነካም። ሐረጉ እየተጠላለፈ፣ አስናቀች እንደወደደችው ሆኖ እዚያው ስጦታው ዘንድ ታተመ።

ኸይረዲን ከካርዶቹ ጥቂቱን ለይቶ ወደ መንገደኛው ዞረ።

«አንተ ወደ ሉማሜ ነህ አይደል? የሙሽራዋ አጎቶች እዚያ ናቸው። ሳይደርሳቸው ከቀረ ያኮርፉና ሰርጉ በእኔ ምክንያት ይደበዝዛል። አድርስልኝ፣ ወንድሜ።»

«አደርሳለሁ።»

«ለምን ዘገየ ካሉህ፣ መብራት ጠፍቶ ነው በላቸው።»

«መዋሸትስ አልችልም።»

ኸይረዲን ካርዶቹን እጁ ላይ አኖረለት።

«እንግዲያው ምሳ ማቅረባቸው አይቀርም» አለ። «እባክህ፣ ሲጠይቁህ አፍህን ሞልተህ ቆይልኝ።»