ማንም ያልተበላበት ሰንጠረዥ

ጽሕፈት ካወቅሁ ወዲህ እጄ አላርፍ ብሏል፤ ያየሁትን ሁሉ ልጽፍ ያምረኛል። ሰንጠረዥ የተማርሁበትን ነገር ግን ሁለቴ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ እጨርሰዋለሁ።

ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ሲገባ አባቴ ዱር ቤቴ ብሎ ወደ ጮቄ ተራራ ወጣ። ለጎረቤት ለንግድ ሄዷል አልን። በሰንጠረዥ የአያቴ ተጋጣሚ ልጃቸው እሱ ብቻ ነበርና፣ የሚጫወቱበትን ቀዩን ጨርቅ ዘርግተው ብቻቸውን ሲቀመጡ አሳዘኑኝ፤ ያስተምሩኝ አልኋቸው።

ጥያቄዬ ማለቂያ አልነበረውም፤ እሳቸው ግን አንድ ቀን እንኳ አልሰለቹኝም። እግረኛው ለምን ወደ ኋላ አይመለስም ብላቸው፣ እንዳንቺ ምሳ ደረሰ ብላ የምትጠራው እናት የለችውማ አሉኝ። ፈረሱ ለምን ተጠማዞ ይሄዳል ስላቸው፣ ጮቄ ላይ ያደገ ነዋ አሉ። ንጉሡ ከጨርቁ ወርዶ መሄድ ይችላል ወይ ብዬ ስጠይቅ ግን ወደ በሩ አዩና፣ ይህችን ውጭ እንዳትጠይቂያት አሉኝ። ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከሁሉ የወደድሁት መክፈቻውን ነው፤ ስሙ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ መጠበቅ የለም፤ ሁለታችንም እንደ ልባችን እናንቀሳቅሳለን። ከተበላ በኋላ ግን ተራ በተራ ነው። ይሁንና የኛ ጨዋታ ከወረራ አልፎ አያውቅም። ልበላ ስል የእሳቸው እጅ ቀድሞኝ የሚበላውን ያሸሻል፤ የኔው ሲጋለጥ ደግሞ እንዳላዩ ያልፉታል።

"አባባ፣ መቼ ነው የምንጫወተው?"

"እየተጫወትን አይደለም እንዴ?"

"ማንም አልተበላም እኮ።"

"ታዲያ ምን ጎደለሽ?"

ምስጢሩን ኋላ ጓዳ ጠርታ የነገረችኝ እናቴ ናት። አያቴ፣ ልጄ በደኅና እስኪመለስ ከዚህ ጨርቅ ላይ አንዲት ነፍስ አላነሳም ብለው ኖሯል። ከዚያ ወዲያ እኔም ልብላ አላልሁም። ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ እየተላለፍን ከረምን።

መስከረም ላይ የአባቴ ወዳጅ የሆኑ የጨው ነጋዴ ከሮብ ገበያ መጡ። ቁጭ እንኳ አላሉም። ወደ አያቴ ጆሮ ጠጋ ብለው ተናገሩ፤ እኔ የሰማሁት መጨረሻ ላይ "አላህ ያጽናችሁ" ሲሉ ብቻ ነው። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። እሪ ብንል ጎረቤታችን ባንዳው ይሰማል፤ የማን ለቅሶ ነው ይባላል፤ ቤቱ በላያችን ይቃጠላል። አባቴን አፋችንን ይዘን ቀበርነው።

አያቴ ጨርቁን አምጥተው ዘረጉት። ደረደርን፤ ወረራ ጀመርን። ጥቂት እንደሄድን እጃቸውን ዘረጉና ፈረሴን በሉት። ቀስ ብለው አንስተው በመዳፋቸው ጨበጡት።

"እንግዲህ ተራ በተራ ነው" አሉኝ። "ያንቺ ነው። አትቸኩዪ።"

ያን ያህል ስናፍቀው የኖርሁት ጨዋታ ይኸው መጣ። የቱን ላንሳ፣ ወዴትስ ልሂድ፣ አላወቅሁም። መሽቶ የጨርቁ ቅላት ከዓይናችን እስኪጠፋ አያቴ ጠበቁኝ። ፈረሱን ከመዳፋቸው አላወጡትም።