ከበር አስገቢኝ

የሞላሌዋ ትሕትና እንቢ ካለች እንቢ ናት። በሰርግ ዘፈን ጀምራ፣ አንድ ዜማ ወጣላትና አዲስ አበባ ገባች። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በቀጥታ የሚተላለፍ «ምን ተለጠፈ?» የሚባል የቴሌቪዥን ፕሮግራም አላት። በሳምንቱ ኢንተርኔት ላይ ሰው ያሳቀውን ቪዲዮ እያመጣች ከእንግዶች ጋር ትጫወታለች። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በስንቱ ሰው ስታስቅ ኖራለች፤ የማን አባት ይሆን ብላ አስባም አታውቅ።

አንድ ሐሙስ አዘጋጁ ናሲር እየሳቀ ስልኩን ዘረጋላት። «መክፈቻችን ተገኘ! በአንቺው ዘፈን ነው ያቀናበሩት!»

አየች። ዓለም ከተማ፣ የለቅሶ ድንኳን። አንዲት ሴት ስልክ ከፍ አድርጋ ይዛ ትገባለች፤ ስልኩ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ይቆጣሉ። «ምን ሆነሻል አንቺ! ሳላለቅስ ታስገቢኛለሽ? መልሺኝ! ከበር አስገቢኝ!» ሴትዮዋ እየሮጠች ትወጣለች። ስትመለስ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው «ወይኔ እህቴን!» ይላሉ። ከሥር የትሕትና ዘፈን ይደልቃል። ሁለት ሚሊዮን ሰው አይቶታል።

ሽማግሌው የትሕትና አባት ጋሽ ውባየሁ ናቸው። የሞተችው አክስቷ አመተሥላሴ፣ ስልኩን የያዘችው ደግሞ የሟች ልጅ ገሊላ። ክረምት ነው፤ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት ከሞላሌ የሚወጣ መኪና ጠፋ። ታዲያ ሰውየው ምን ያድርጉ? ያለቻቸው እህት አንድ ናት! በእኛ አገር ለቀስተኛ ዘው ብሎ ገብቶ አይቀመጥም፤ ከደጅ ጀምሮ እያለቀሰ ነው የሚገባው። እሳቸውም በስልክ ነው ብለው ወጉን አላጎደሉም።

ትሕትና በሩን ዘግታ ደወለች።

«ቤት ነኝ» አሉ አባቷ። «ገበያ ብወጣ ጎረምሳው ሁሉ ‹ከበር አስገቢኝ› ይለኛል። እኔ ምን አጠፋሁ፣ ልጄ? እህቴን ማልቀሴ ነውር ነው?»

«እርስዎ ምንም አላጠፉም፣ አባባ።»

«አንቺስ አለቀስሽላት?»

በቀብሩ ዕለት ቀረጻ ነበረባት፤ የሻማ ፎቶ ለጥፋ ሥራዋን ቀጠለች። ያቺ አክስቷ ናት እንግዲህ፣ ዘመድ ሁሉ «ልታዋርደን ነው» ብሎ ሲንጫጫ ቁጭ ብላ ዘፈኗን የሰማቻት።

«አላለቀስኩም» አለች። «ቅዳሜ ስደውል ባርኔጣዎን አድርገው ይጠብቁኝ።»

ለናሲርም እቅጩን ነገረችው። ደነገጠ፤ ግን ማስታወቂያው ወጥቷል። «አንቺ ካልቻልሽ ሌላ ሰው ያቀርበዋል» አላት። «ከዚያ በኋላ ፕሮግራሙ የእሱ ነው።»

«ማንም አያቀርበውም! እኔው አቀርበዋለሁ።»

ቅዳሜ ደረሰ። ቪዲዮው ሲታይ የስቱዲዮው ታዳሚ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ትሕትና ጥርሷን ነክሳ እስኪጨርሱ ጠበቀች።

«ጨረሳችሁ?» አለች። «እኚህ ሰው አባቴ ናቸው። የሞተችው አክስቴ ናት። መንገድ ተዘግቶባቸው በስልክ ለቅሶ ደረሱ፤ እኔ መንገዱ ሳይዘጋብኝ ቀረሁ። የሚሳቅበት ሰው ከፈለጋችሁ ይኸው እኔ አለሁላችሁ።»

ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች፤ ወደ አባቷ ደወለችና ስልኩን ይዛ በስቱዲዮው በር ወጣች። ናሲር እጁን አንሥቶ ስርጭቱን ሊያስቆም አለና ተወው። ካሜራው ተከተላት።

ከደጅ ቆማ ዞረች። አንድ እግሯን ልታስገባ ስትል አባቷ ከስልኩ ተቆጡ።

«ቆዪ አንቺ! ምን ያጣድፍሻል? አብረን ነው የምንገባው፤ ባርኔጣዬን ላውልቅ።»

አወለቁ። «ወይኔ አክስቴን!» ብላ ትሕትና ድምጿን ለቀቀችው፤ አባቷም «ወይኔ እህቴን!» ብለው ተቀበሏት። ሲገቡ ያ ሁሉ የሳቀ ሰው ብድግ ብሎ ቆሞ ነበር።