የሔራን ባክቴሪያዎች

ጋሼ ገብረሥላሴ ጅማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ቤተ ሙከራ ሲያገለግሉ ያረጁ፣ ቁጡ ግን ሆደ ቡቡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ የቀረቻቸው አንዲት ልጃቸው ሔራን ነበረች፤ እሷም እዚያው ትማር ነበር።

ሔራን ከሰርቦ በታች፣ የቡና ማጠቢያ ፍሳሽ ካጠቆረው ወንዝ ጭቃ ዝቃ ፌኖል የሚበላ ባክቴሪያ አገኘች። ፌኖል መርዝ ነው፤ ውኃውን የሚያጠቁሩትም የእሱ ዘመዶች ናቸው። «አባዬ፣ የፌኖል ካርቦኖች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ሠርተዋል፤ በቀላሉ አይበገሩም» ትላቸው ነበር። «የእኔዎቹ ግን መጀመሪያ ኦክስጅን ይለጥፉበታል፤ ከዚያ ቀለበቱን ይበጥሱና የተዘረጋውን ቆራርሰው ይበሉታል።» ጋሼ ይህን ለአገር ለምድሩ ያወሩ ነበር።

ምን ዋጋ አለው፤ ሔራን ከአሰንዳቦ ስትመለስ መኪና ተገልብጦ ሞተች። መምህሯ ሙሀጅር ለቅሶ ሲደርስ፣ «ባክቴሪያዎቿን ክረምቱ ሲወጣ ፍሳሹ ላይ እንሞክራቸዋለን፤ በስሟም ይጠራሉ። እስከዚያ ከፌኖል ሌላ ምንም አይስጧቸው» ብሎ አደራ አላቸው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል አይደል የሚባለው? ለጋሼ የቀረቻቸው ተስፋ ይህቺው ነበረች።

ግን አንጀት የሚባል ነገር አለ። ቤት ሲገቡ ጎረቤት እዝን ይዞ እየመጣ፣ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ» እያለ ያጎርሳቸዋል። ጠዋት ደግሞ ለልጃቸው ባክቴሪያዎች መርዝ ሲያቀርቡ ሆዳቸው ባባ። «እኔን ሰው እየለመነ ያበላኛል፤ የእሷዎቹን መርዝ ላብላ?» አሉና በፌኖሉ ፈንታ ስኳር አደረጉላቸው። ባክቴሪያዎቹ ሳህኑን ሞልተው ወፈሩ። ጋሼም ከለቅሶው ወዲህ ገና ያን ቀን ደስ አላቸው። ክረምቱን ሙሉ እንዲያ መገቧቸው።

መስከረም ላይ ሙሀጅር ፌኖል ውስጥ ከተታቸው፤ አልነኩትም። ቢደግመውም ያው ሆነ።

«ጋሼ፣ ምን ሲበሉ ከረሙ?»

ነገሩት።

ሙሀጅር ሳህኑን ወደ ጎን አስቀመጠ። «ቀለበቱን የመበጠሱ ብልሃት በትንሽ ትርፍ ዲኤንኤ ላይ የተቀመጠ ነበር። ስኳር እያለለት ማን ይሸከመዋል? እየተባዙ ሲሄዱ ጥለውታል።»

«ፌኖሉን ብንመልስላቸውስ?»

«የጣሉትን ከየት ያመጡታል? ሌላ ያስቀመጥነውም የለ። አላህ ያጽናዎት፤ ከወንዙ ሌላ እንፈልጋለን።»

«እሱ የሔራን አይሆንማ» አሉ ጋሼ። «እኔው ነኝ ያጠፋኋት።»

የማይፈለግ ባክቴሪያ የሚጣለው በእንፋሎት ተቀቅሎ ነው፤ ሥራውም የጋሼ ነው። ሙሀጅር «እኔ ላድርገው» ቢላቸው እምቢ አሉ።

«እሷን አፈር ያለበሷት ሌሎች ናቸው፤ እኔ አልቻልኩም ነበር» አሉት። «እነዚህን እንኳ እኔው ልሸኛቸው።»