አያ ካሴ የጠቆሙት ሰው

«ሥራ ይበዛብኛል፤ እኔን ተዉኝ» አልኩና ተቀመጥኩ...

በደርግ ጊዜ ነው፣ አዘዞ። እሁድ ጠዋት የቀበሌ ሊቀመንበር እንድንመርጥ ተጠርተናል። እኔ ያኔ መምህር ነበርኩ። ወንበሩን የሚፈልግ ሰው ጠፋ። አንዱ ጨጓራዬን ያመኛል ይላል፣ ሌላው መንገደኛ ነኝ ይላል። ስብሰባውን ከሚመራው ካድሬ ጋር ስሙ እንዲነካካ ማንም አልፈለገም።

እኔን የጠቆሙኝ አያ ካሴ ናቸው። አናጢ ናቸው፤ የቤታችንን በር የሠሩልን እሳቸው ነበሩ።

«ማንበብ የሚችል ሰው ይሁንልን» አሉ ቆመው።

እኔ ግን እምቢ አልኩ። ይባስ ብዬ መልሼ እሳቸውን ጠቆምኩ። «አያ ካሴ ሸጋ ሰው ናቸው፤ ማንንም አይነኩም።»

ከኋላ አንዱ «በር የሚሠራ ሰው በር አይሰብርም» ብሎ አሳቀን። እጅ ወጣ፤ ተጨበጨበ።

«ምነው ልጆቼ... እኔ እኮ ፊደል አልቆጠርሁም» አሉ። ካድሬው ስማቸውን ጽፎ ጨርሶ ነበር።

እውነትም ለጥቂት ወራት ማንንም አልነኩም።

ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የታጠቁ ሰዎች መጥተው ታናሽ ወንድሜን መላኩን ከቤት ወሰዱት። ተማሪ ነበር። እየሮጥኩ ቀበሌ ሄድኩ። አያ ካሴ ማኅተሙን ፊታቸው አስቀምጠው ተቀምጠዋል።

«አያ፣ የመላኩን ስም አንቱ ነዎት የሰጡት?»

«የምን ስም ልጄ? ትናንት ካድሬው ወረቀት ይዞ መጣ። የነዋሪ ዝርዝር ነው፣ ያትሙበት አለኝ። አተምሁለት።»

ቅጂው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ድምፄን አውጥቼ አነበብኩላቸው። «ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ፀረ አብዮተኞች መሆናቸውን ቀበሌው ያረጋግጣል» ይላል። አምስት ስም... መላኩ ሦስተኛው ነው።

ማኅተሙን በጣታቸው ከፊታቸው ገፋ አድርገው፣

«ለዚህ ነበርኮ አንተን የጠቆምሁህ» አሉኝ።

መላኩ አልተመለሰም። እናቴ እስክትሞት ድረስ አያ ካሴን ስትረግም ኖረች። ማን እንደጠቆማቸው አንድም ቀን አልነገርኳትም።

ዛሬም ምርጫ ሲመጣ «ሥራ ይበዛብኛል» የሚል ሰው ስሰማ፣ የዚያን እሁድ ሥራዬ ምን እንደነበር ለማስታወስ እሞክራለሁ... እስካሁን ትዝ አላለኝም።