የልጄ ቁርጭምጭሚትና ለዶክተሯ የዋሸሁት ውሸት

የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ ወገኖቼ! ሦስት እሁድ ሙሉ እጄን ላወጣ እልና መልሼ ከነጠላዬ ስር እደብቀው ነበር። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ሰው ፊት ስቆም አፌ ይደርቃል። ዛሬ ግን ጌታ በልጄ እግር ያደረገውን ሳልናገር ቤቴ አልገባም ብያለሁ። ስሙ ይባረክ!

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። ዶሮ ማነቂያ ነው የምኖረው፤ ከአትክልት ተራ ሽንኩርትና ቲማቲም እያመጣሁ ደጄ ላይ እሸጣለሁ። ፈሪ ነበርኩ። ቤቲ አንድ ልጄ ናት። ካሳላት ሁለት ሹራብ አለብሳታለሁ፤ ከዘነበ ትምህርት ቤት በር ድረስ እከተላታለሁ። እግዚአብሔርንም የማውቀው በፍርሃት ብቻ ነበር፤ ስሳሳት ሊይዘኝ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ጎረቤቴ እትዬ አስካለ፣ የእናንተው እህት፣ "ጌታ እኮ አባት ነው" ስትለኝ "አባት አይቆጣም ያለው ማነው?" እላት ነበር።

ቤቲ ግን ከማን እንደወሰደችው እንጃ፣ ኳስ ተጫዋች ወጣች! በአስራ ሦስት ዓመቷ የሰፈራችን የሴቶች ቡድን አምበል ሆነች። ኩራቴን አልደብቅም ወገኖቼ፤ በግራ እግሯ ስትመታ ወንዶቹ ራሳቸው ያጨበጭቡላት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ይኸው ግራ እግሯ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ተጠመዘዘ። ቁርጭምጭሚቷ አበጠ፤ መርገጥ አቃታት። አሰልጣኟ "ራጅ ትነሳ" አለኝ። እኔ ፈራሁ። የሰፈራችንን ወሬ ታውቁታላችሁ፦ ሆስፒታል ከሄደች ጀሶ ያስሩላታል፣ ጀሶ የታሰረ እግር ደግሞ ቀጥኖ ይቀራል ይባላል። ስለዚህ ወጌሻ ጋ ወሰድኳት። የአትክልት ተራ ተሸካሚዎች ትከሻቸው ሲወልቅ የሚሄዱት እኚህ ሽማግሌ ጋ ነው። ደግ ሰው ናቸው፤ አልወቅሳቸውም።

"ወለምታ ነው፣ አይዞሽ" አሉና በቅቤ አሽተው ሳቡት። ልጄ ጮኸች። በማግስቱ እብጠቱ ባሰ። እኔ ምን አደረግኩ? መልሼ ወሰድኳት!

"አባባ፣ ቦታው አልገባም መሰለኝ። እንደገና ይሳቡልኝ።"

"እንዲህ ሲያብጥ እኔም እንጃ ልጄ" አሉ።

እኔ ነኝ የለመንኳቸው። ሳቡት። በዚህኛው ቤቲ አልጮኸችም፤ የነጠላዬን ጫፍ ነከሰች።

በሦስተኛው ቀን እትዬ አስካለ ገብታ አየቻት። "ኧረ አንቺ ሴትዮ! ይሄ እግር ነው ዱባ?"

"ጸልዪላት እትዬ።"

"እጸልያለሁ፤ ታክሲ ውስጥ ሆኜ እጸልያለሁ። ተነሺ!"

ሆስፒታል ደርሰን ራጅ ተነሳች። ዶክተሯ ወጣት ሴት ናት። ፎቶውን እያሳየች እንደ እኔ ላለ ሰው በሚገባ ቋንቋ አስረዳችኝ። "እናት፣ ይሄ ወለምታ አይደለም። ልጆች ላይ አጥንቱ ጫፍ አካባቢ ገና የሚያድግ ለስላሳ ቦታ አለ። ትልቅ ሰው እንዲህ ሲጠመዘዝ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ጅማቱ ነው። ልጅ ላይ ግን ጅማቱ ከዚያ ቦታ ሊጠነክር ይችላል፤ ጅማቱ ሲተርፍ ያ ለስላሳ ቦታ ይሰነጠቃል። የቤቲም የተሰነጠቀው እዚያ ጋ ነው፤ ከቦታውም ተንሸራቷል። አደንዝዤ በቀስታ ልመልሰው እችላለሁ። ግን ደጋግሞ መሳብ ያንን የሚያድግ ቦታ ይጎዳል፤ እግሯ ሊያጥር ወይም ሊጣመም ይችላል። ሰው ነክቷታል?"

"ማንም አልነካትም" አልኩ።

ቤቲ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗን ወደ እግሯ መለሰች። ተሽከርካሪ ወንበር አመጡና አጥንቱን ሊመልሱላት ወሰዷት።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። እትዬ አስካለ "ፊትሽ አመድ መስሏል፤ ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

"ዋሸሁ። ሁለቴ መሳቧን ደበቅኩ። አሁን ብናገር ዶክተሯ ምን ትለኛለች? እግዚአብሔርስ?"

እሷም "እሱማ ሁለቴም ሲሳብ እዚያው ነበር። ጥሎሽ ሄደ?" አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ይህ ቃል ውስጤ ገባ። የፈራሁት አምላክ ጥፋቴን እያወቀ አብሮኝ ተቀምጧል! "ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ተቀበለኝ" አልኩ። ሌላ ጸሎት አላውቅም ነበር። ያንን ብዬ ተነሳሁ። ሃሌ ሉያ! ሮጬ ቤቲን ያስገቡበትን በር ከፈትኩ።

"ዶክተር፣ ቆይ! ወጌሻ ጋ ወስጃታለሁ። ሁለት ጊዜ ተስቧል። ዋሽቼሻለሁ።"

ዶክተሯ ያጠለቀችውን ጓንት አወለቀች። "እንኳን ነገሩኝ" አለች። "እንግዲያው እኔ ሦስተኛ አልስበውም። ቀዶ ጥገና ትገባለች።"

ቤቲ እጄን ያዘች። "እማ፣ እኔ እኮ እስክትነግሪያት እየጠበቅኩሽ ነበር።"

በቀዶ ጥገና አጥንቱን ቦታው መልሰው በሽቦ ያዙት፤ ጀሶም ታሰረ። ዶክተሯ ግን "የሚያድገው ቦታ መትረፉን አሁን ማወቅ አልችልም፤ አንድ ዓመት እናያታለን" አለችኝ። ያን ዓመት ጌታ ነው የያዘኝ! ጀሶው ሲፈታ እግሯ እውነትም ቀጥኖ አየሁትና ደነገጥኩ። "ጡንቻው ስላልሠራ ነው፤ ሲሠራ ይመለሳል" አሉኝ። ቤቲም ሠራች! ሽንኩርቴ አጠገብ በአንድ እግሯ ስትቆም ደንበኞቼ "ይቺ ሽመላ ዛሬም አለች?" ይሏታል፤ እሷ ሳቋን ይዛ ትቆጥራለች። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ሁለቱን እግሮቿን በሲባጎ እለካለሁ። "እማ፣ ሱሪ ልታሰፊልኝ ነው?" ትለኛለች። አሰልጣኟ ሊያስቸኩላት ሲል ደግሞ "ዶክተሯ ሳትፈቅድ አልገባም" አለችው። የእኔ ልጅ!

ዓመቱ ሲሞላ ዶክተሯ ሁለቱንም እግሮች ራጅ አስነስታ አስተያየች። "እኩል ናቸው። ቀጥ ብሎ እያደገ ነው። ትጫወት" አለች። ክብር ለጌታ ይሁን! እዚያው ክፍል ውስጥ እልል ስል ዶክተሯ አልከለከለችኝም።

ያለፈው ሳምንት ጨዋታ ላይ አንዲት የቡድኗ ልጅ ወድቃ ጉልበቷን ያዘች። ሰው ተሯሯጠ፤ አንዱ "ሳብ ሳብ አድርጓት!" አለ። ቤቲ እጆቿን ዘርግታ ፊታቸው ቆመች። "ማንም እንዳይነካት! እንዳለች ተዉአት!"

"አንቺ ደግሞ ዶክተር ነሽ?" አላት ሰውየው።

"አይደለሁም። እኔ ግን ተስቤ አይቼዋለሁ።"

ልጅቷን ሳይስቧት እግሯን ደግፈው ሐኪም ጋ ወሰዷት። ዳር ቆሜ አለቀስኩ፤ ደረቴ ግን ተነፍቶ ነበር።

ወገኖቼ፣ ከእናንተ መካከል ጥፋቱን ደብቆ የተቀመጠ ካለ፣ ጌታን አትፍሩት። አይጥላችሁም። እኔን ከነውሸቴ ተቀብሎኛል። ለእሱ ንገሩት፤ ከዚያ ተነስታችሁ መስማት ለሚገባው ሰው ንገሩ።

ልጄ እዚያ ጥግ ተቀምጣለች። ቤቲዬ፣ አትፈሪ፣ ተነሺ። እዩልኝ ወገኖቼ፤ በሁለት እግሯ ቆማለች! ሃሌ ሉያ!